ጥርስ ሳይታመም፤ ስለ ጥርስና ስለ ድድ ጤና የተደረገ ንግግር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የማኅበራችን የንግግር ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚውለው ለትልልቅ ጉዳዮች ነው። ስለ ትምህርት፥ ስለ እርሻ፥ ስለ ሥራ ማጣት ሲነገር ቆይቶ ዛሬ ስለ ጥርስ እንናገራለን ስንል ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ፈገግታችሁን በደስታ እንቀበለዋለን፤ የንግግራችን ጉዳይ እሱው ነውና።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው፥ ቀድሞ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ይባሉ ከነበሩት፥ ዛሬ ግን በምሥራቅ ጎጃም በልዩ ልዩ ወረዳዎች ከተከፈሉት አገሮች የመጣን ተማሪዎች ነን። ምሳሌዎቻችንንም የምናመጣው ከምናውቀው አገር ነው። ይሁን እንጂ የወሎውም፥ የሸዋውም፥ የሲዳማውም ወንድማችን የራሱን ቤት ነገር በውስጡ እንደሚያገኝ አንጠራጠርም።

በአገራችን ሕመምን መቻል ጀግንነት ነው። «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» የሚባለውም ለሚመሰገን ሰው ነው። ነገር ግን የታመመው ራሱ ጥርሱ ሲሆን ምኑን ነክሶ ይቻል? ጥርስ መጠዝጠዝ ሲጀምር መጀመሪያ ቅርንፉድ ይያዝበታል፤ ቀጥሎ አረቄ ይጉመጠመጡበታል፤ ከዚያም ጉንጭን በነጠላ አስሮ ይታደራል። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ጉጠት ወደ ያዘው ነቃይ ይኬዳል። ቅርንፉድ ሕመምን ለጊዜው እንደሚያደነዝዝ ሐኪሞችም ያውቁታል፤ የተቦረቦረውን ጥርስ ግን አይሞላም። ጉጠቱም ቢሆን ሕመሙን ከነጥርሱ ይወስዳል እንጂ የጎደለውን አይተካም።

እኛ ልንል የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የጥርስና የድድ በሽታ ሥራውን በአብዛኛው የሚያከናውነው ሕመም ከመሰማቱ በፊት ነው። ስለዚህ የሚከላከለው የዕለት ልማድ እንጂ ትዕግሥት አይደለም። ሽማግሌዎቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ይህም ልማድ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ አይደለም፤ ግማሹ ድሮም በእጃችን ያለ ነው፤ የቀረው ግማሹን ጨምሮ ማሟላት ነው።

በመጀመሪያ በአፋችን ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። በብዙ ቤት ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባላል፤ ትሉን በጭስ አወጣለሁ የሚል ባለመድኃኒትም አለ። በዚህ እምነት አያቶቻችን ብቻቸውን አይደሉም። የባቢሎን ሰዎችም፥ የሕንድም፥ የአውሮፓም ሕዝብ ለብዙ ዘመን ይህንኑ ያምን ነበር። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የትሉን ነገር አልቀበልም አለ። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር ደግሞ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፥ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከምግብ አሲድ እንደሚሠሩና ጥርስን የሚያሟሟው ያ አሲድ እንደ ሆነ አስረዳ። እንግዲህ አያቶቻችን «የሚበላ ነገር አለ» ማለታቸው ልክ ነበር፤ ልዩነቱ በላተኛው በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከምራቅ ጋር ተዋሕደው በጥርስ ላይ ስስና የሚያጣብቅ ንጣፍ ይሠራሉ። ጠዋት ጥርስን በጥፍር ቢፍቁት የሚወጣው ነጭ ነገር እሱ ነው። ስኳር ባገኘ ቁጥር ይህ ንጣፍ አሲድ ያመነጫል። አሲዱም በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ የጠነከረውን የጥርስ ሽፋን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ሽፋኑ ነርቭ ስለሌለው ሰውዬው ምንም አይሰማውም። ሕመም የሚጀምረው ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሽታው ብዙ መንገድ ሄዷል።

የድድም በሽታ የሚነሣው ከዚያው ንጣፍ ነው። ንጣፉ በድድ ጠርዝ ሲከማች ድድ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይደማል። ሳይጠረግ ከቆየም በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ደድሮ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሐኪም በመሣሪያ ካልፋቀው በቀር አይለቅም። በሽታው ወደ ታች ሲወርድ ጥርስን የያዘውን አጥንት ይበላል። በመጨረሻም አንዳች ቀዳዳ የሌለው ነጭ ጥርስ ተነቃንቆ ይወልቃል። ብዙ ሰው ይህን የእርጅና ዕዳ ያደርገዋል። ነገር ግን ሽምግልና ብቻውን ጥርስን አይነቅልም፤ የሚነቅለው ለብዙ ዓመት ሳይጠረግ የኖረው ንጣፍ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ አንድ ጥናት እንጥቀስ። በ1965 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፥ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች፥ አብዛኞቹም የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፥ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት እንደ ገና በጀመሩ ጊዜ ደግሞ በሳምንት ያህል ውስጥ ተመለሰ። ወንድሞችና እኅቶች፥ 3 ሳምንት ከአንድ የፈተና ወቅት አይበልጥም። «ፈተናው ይለፍና እጀምራለሁ» የሚል ሰው ድዱ ከፈተናው በፊት ይወድቃል። ደግነቱ አጥንት ሳይነካ የተያዘ የድድ ቁጣ በጽዳት ብቻ ይድናል።

አሁን በእጃችን ስላለው ግማሽ እንናገር። እሱም መፋቂያ ነው። ወይራው፥ ልምጩ፥ ክትክታው፥ ቀረጡ በየሜዳውና በየአጥሩ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሆኖም ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጣ ተማሪ አንዳንዱ መፋቂያ በአፉ ይዞ መታየትን ኋላ ቀርነት አድርጎ ይቆጥረዋል። መፋቂያውን ይጥላል፤ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ግን ወይ አይገዛም፥ ወይ ገዝቶ ከሻንጣው አያወጣውም። አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ያልጨበጠ ሰው ከሁለቱም ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ በጥርስ ብቻ የሚታይ ነገር አለመሆኑን ለእናንተ መናገር አያሻንም።

መፋቂያን የሚደግፈው ልማድ ብቻ አይደለም። ኦልሶን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች ልጆች ላይ አጥንቶ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ መፋቂያ በጥርስ ላይ የሚከማቸውን ቆሻሻ በማንሣት ከብሩሽ የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መፋቂያ ልማድ በሆነበት አገር ሁሉ ሰዎች እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። ስለዚህ መፋቂያ የያዘ ሰው ሊያፍር አይገባውም።

ይሁን እንጂ በአጠቃቀማችን ሦስት ጉድለት አለ። አንደኛው ጊዜው ነው። በአገራችን ጥርስ የሚፋቀው ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ፥ ወይም በበዓል ቀን ከገላ መታጠብ ጋር ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ግን ምራቅ ይቀንሳል፤ ምራቅ ደግሞ አሲዱን የሚያጥበውና ጥርስን የሚጠግነው ነው። ስለዚህ ዋናው ሰዓት ማታ፥ ከመተኛት በፊት ያለው ነው። ይህም ለጾመኛ የተመቸ ነው። በጾም ቀን ወይም ሊቆርብ ሲል ጠዋት ውሃ በአፉ ማስገባት የማይወድ ሰው፥ ማታ አጽድቶ ቢያድር ጾሙም አይጓደልበት፥ ጥርሱም አይጎዳበት።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ብዙ ሰው የሚፍቀው ሲስቅ የሚታዩትን የፊት ጥርሶች ነው። በሽታው ግን የሚወደው የኋላውን መንጋጋ፥ በምላስ በኩል ያለውን ጎንና ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን ጠርዝ ነው።

ሦስተኛው መፋቂያ የሚበቃ ፍሎራይድ የሌለው መሆኑ ነው። ፍሎራይድ የጥርስን ሽፋን በአሲድ በቀላሉ እንዳይሟሟ የሚያጠነክር ማዕድን ነው። በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፥ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ይህ ማዕድን ከመጠን በላይ ስላለበት የልጆችን ጥርስ ያጠቁራል፥ አጥንትም ያጣምማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በደጋው አገር ግን የሚጠጣው ውሃ በአብዛኛው ፍሎራይድ ያነሰው ስለ ሆነ፥ የቢቸናና የሞጣ ሰው ከጥርስ ሳሙና ማግኘት ይኖርበታል። ሲገዛም ፍሎራይድ እንዳለው፥ መጠኑም በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ መሆኑን ከቱቦው ላይ ማንበብ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። መፋቂያው የእርሳስ ውፍረትና የስንዝር ርዝመት ያለው እርጥብ እንጨት ይሁን። ጫፉ ተልጦ እንደ ብሩሽ እስኪበተን ይታኘክ። ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ፥ ላዩን ወደ ታች፥ ታችኛውን ወደ ላይ፥ በዝግታ ይፋቅ፤ እንደ መጋዝ ወደ ጎን መሳብ ድድን ያሸሻል። የተጠቀሙበት ጫፍ በየቀኑ ተቆርጦ ይጣል፤ መፋቂያን መዋዋስም ይቅር። ማታ ደግሞ ለስላሳ ብሩሽ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና አድርጎ 2 ደቂቃ ያህል መቦረሽ ነው። ከዚያ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውሃ ማለቅለቅ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ እንዲቆይ ነው። ብሩሹ በ3 ወር፥ ወይም ጠጉሩ ሲንጨባረር ይለወጥ።

ጥርስ የመሣሪያ ሣጥን አለመሆኑንም እዚህ ላይ እናስታውስ። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍት ጓደኛ በየመኝታ ቤቱ አለ፤ ይጨበጨብለታልም። የተሰነጠቀ ጥርስ ግን እንደ ተሰበረ አጥንት ጠግጎ አይገጥምም። በቆሎ መካከል የተደበቀች ጠጠርም እንደዚሁ ናት፤ ስለዚህ ቆሎ ተለቅሞ ይበላ። በጥርስ መካከል የገባውን ሥጋ በመርፌ ወይም በምላጭ ከመጎርጎር በስስ እንጨት ወይም በክር በቀስታ ማውጣት ይሻላል።

ከጽዳት ቀጥሎ ያለው ነገር ስኳር ነው። በጎጃም ገጠር ቡና በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ጨው ደግሞ ጥርስ አያበሰብስም። እንጀራውም፥ ሽሮውም፥ ጎመኑም ከስኳር የራቀ ምግብ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ማለት በ1946 ዓ.ም. ነው። ስኳር በየሱቁ ሲስፋፋ፥ ሻይ፥ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥም ተከትለው ወደ ገጠሩ ዘለቁ። በዚያው በ1954 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር በቪፔሆልም የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የተደረገው ጥናት ታተመ። ሕሙማኑ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ በጣፋጭ የተፈተኑበት በመሆኑ ጥናቱ እስከ ዛሬ በነውር ይነሣል። ያሳየውም ነገር ግን ሊካድ አልተቻለም፤ ከምግብ ጋር ከተበላ ስኳር ይልቅ፥ በምግብና በምግብ መካከል ደጋግሞ የሚበላና በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ እጅግ የበለጠ ይጎዳል።

ምክንያቱም ከአንድ ጉርሻ ስኳር በኋላ ምራቅ አሲዱን አጥቦ ለመጨረስ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። ከረሜላ በጉንጩ ይዞ የሚያጠና ሰው፥ ወይም አንዱን ብርጭቆ ሻይ በትንሽ በትንሹ እየጎነጨ የሚያመሽ ሰው፥ ለምራቁ ዕረፍት አይሰጠውም።

እስቲ እንቁጠር። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ተማሪ በቀን 4 ብርጭቆ ቢጠጣ 12 ማንኪያ ይሆናል፤ ይህም 48 ግራም ያህል ነው። በዚያ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ቢጨምርበት 30 ግራም ያህል ሌላ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፥ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ሲሰላ፥ ከ50 ግራም እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ከምግባችን ጋር አንድ ሻይ ብንጠጣ፥ ስኳሩንም ከ3 ማንኪያ ወደ 1 ብናወርድ፥ በመካከሉም ውሃ ብንጠጣ፥ ይህ ከኪሳችን ይቆጥባል እንጂ አይወስድም። ጫት ይዞ ጣፋጭ ሻይ የሚያስከትልም ቢሆን ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

ስለ ድድ ሁለት ነገር እንጨምር። ሲያጸዱ ድድ ቢደማ ብዙ ሰው ማጽዳቱን ይተዋል። የሚገባው ግን ተቃራኒው ነው፤ ደሙ በዚያ ቦታ ንጣፍ እንዳለ የሚናገር ምልክት ስለ ሆነ በለስላሳው ይበልጥ ማጽዳት ያስፈልጋል። በ2 ሳምንት ካልተሻለ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ግን ይህን ምልክት እንኳ ያጣዋል፤ ትምባሆ የድድን ደም ስለሚቀንስ በሽታው ሳይታይ ይሠራል።

ሁለተኛው ንቅሳት ነው። በጎጃምና በጎንደር እናቶቻችንና እኅቶቻችን ድዳቸውን የሚነቀሱት ለውበት ነው፤ ድድን ያጠነክራል የሚሉም አሉ። ስለ ውበቱ አንከራከርም። ነገር ግን ጥቁረቱ የድድን መቅላት ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያስወግድም፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው የሚዘዋወር መርፌም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል።

አሁን ወደ ልጆች እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና። ልጅ 20 የወተት ጥርስ አለው፤ አዋቂ 32። በ6 ዓመቱ ገደማ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። የሚወልቅ ጥርስ ሳይኖር በጸጥታ ስለሚበቅል ወላጆች የወተት ጥርስ መስሏቸው «ይለወጣል» ይሉታል። ግን አይለወጥም፤ ለዕድሜ ልክ የተሰጠ ነው። በክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ የታናናሾቻችንን አፍ ከፍተን ይህን መንጋጋ ለእናቶቻችን ብናሳያቸው፥ አንድ ሙሉ ንግግር የማይሠራውን ሥራ ሠራን ማለት ነው። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃዋል፤ የሚቦርሽለትም ትልቅ ሰው ይሁን።

ከዚህ የከፋው «ግግ» የሚባለው ነው። ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ይታይና እብጠቱ የበሽታው ምንጭ ነው ይባላል፤ ድዱ በስለት ተሰንጥቆ ነጭ ለስላሳ ነገር ይወጣል። ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ጥርስ ነው። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፥ ቁስሉ ይመረዛል፥ ከሥሩ ያለውም ቋሚ ጥርስ ይበላሻል፤ የሚሞትም አለ። ተቅማጡ ግን የመጣው ከውሃና ከንጽሕና ጉድለት ስለ ሆነ ባለበት ይቀጥላል። የሚያድነው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፥ ዚንክና የጡት ወተት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሚደርሰውን ጉዳት ራሱን በቻለ ምዕራፍ ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ሕግ ጠቅሰን በአያቶቻችን ፊት ብንቆም የሚሰማን አይኖርም። ግግ የምታስወጣ እናት ልጇን ልትገድል አይደለም፤ ልታድን ነው። ስለዚህ «ተሳስተሻል» ከማለት «እናቴ፥ ድዱን ሳትነኪ አስቀድመን ጤና ኬላ እናድርሰው» ማለት ይሻላል። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው ፕሮግራም ወዲህ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበዋል፤ እነሱን ወደ ቤት መጥራት የተማረ ልጅ ወግ ነው።

እንዲሁም ምግብ ያነሰው ወይም ከኩፍኝ የተነሣ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ቢሸትና ጉንጩ ቢያብጥ፥ ያ ቀን ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ኖማ የሚባለው ፊትን የሚበላ በሽታ የሚጀምረው ከድድ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በአፍ ንጽሕና ይገታል፤ ከዘገየ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ያፈርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ትኩረት ካጡ የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል፤ ኢትዮጵያም በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ክቡር ሊቀ መንበር፥ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቅርበን እንጨርሳለን። አንደኛ፥ የማኅበሩ ሱቅ ፍሎራይድ ያለው ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ በመግዣ ዋጋው ያቅርብ፤ መፋቂያም ከጎኑ ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ በየመኝታ ቤቱ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ጥርስን አጽድቶ መተኛት የጋራ ልማድ ይሁን፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይከተላልና። ሦስተኛ፥ በክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በአንድ ቤት ብቻ፥ በገዛ ቤታችን፥ ማታ ማታ መፋቅን፥ የ6 ዓመቱን መንጋጋና የግግን ነገር እናስረዳ። ይህ ኮሚቴም በጀትም አይጠይቅም። መምህራኖቻችንም በየትምህርታቸው መካከል 5 ደቂቃ ቢሰጡን እናመሰግናቸዋለን።

የሚጠየቀው በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚተርፈው ደግሞ እስከ ሽምግልና በራሳችን ጥርስ እንጀራ መብላት ነው።